«በውስጥ ይታረማል» ማለት የት ነው?

(የአንድ ፓርቲ አባላት፣ እያንዳንዳቸው በጅማ ሰፈራቸው ስም እየፈረሙ የተለዋወጡት ክርክር)

ከጅሬን፦ ባለፈው ቅዳሜ በጅማ በተደረገው የሕዝብ ውይይት ላይ በመጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች የሁለት ወር ክፍያ እንዳልተሰጣቸው ሲናገሩ፣ እኛው ደጅ ለደጅ ዞረን ያስመረጥናቸው የምክር ቤት አባል ድምፅ ማጉያውን ተቀብለው «የመጋዘን አቧራ ሁሉ ዛሬ ተናጋሪ ሆነ» ብለዋል። ከፊት ወንበር ሳቅ ተሰማ። ስትናገር የነበረችው ሴት የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች፣ መቀመጡም መቀጠሉም ግራ ገብቷት ቆማ ቀረች። በማግሥቱ ከእኛ ወገን የተሰጠው መልስ «ጉዳዩ በውስጥ ይታረማል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ይህን ቃል የተናገረው የተቃዋሚ ሰው ቢሆን ኖሮ ስንት ገጽ እንጽፍ ነበር?

ከሒርማታ፦ ንግግሩ የሚያስከፋ መሆኑን አልክድም። ሆኖም እኒህ ሰው ለገበሬው መንገድ ሲከራከሩ የኖሩ ናቸው፤ በአንድ የአፍ ወለምታ ይህ ሁሉ ድካማቸው ይሰረዝ ማለት ፍርድ አይሆንም። ገመናችንን አደባባይ ባወጣን ቁጥር የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ከአዌቱ ዳር፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት፤ «በውስጥ» የሚባለው የት ነው? ስድቡ የተነገረው በድምፅ ማጉያ፣ በሙሉ አዳራሽ ፊት ነው፤ እርማቱ በተዘጋ በር ከሆነ የተሰደበችው ሴት መታረሙን በምን ታውቃለች? ገመና የሚባለውም ተሸፍኖ የነበረ ነገር ሲገለጥ ነው እንጂ አደባባይ የተነገረማ ድሮውንም አደባባይ ነው። ወለምታውን በተመለከተ ደግሞ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ያሉት አባቶቻችን ናቸው።

ከቦሳ ኪቶ፦ ስሜቱ ይቆየንና ሕጉን እንይ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚጠቅሰው ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳተኝነትን ነው፤ የሥራ ዓይነት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰውየው ይህን አዋጅ አልጣሱም።

ከጅሬን፦ ሰውየው ይታሰሩ ያለ ማን ነው? አዋጁን ያመጡት እርስዎ፣ ነጻ ያወጧቸውም እርስዎ። እኛ የምንጠይቀው በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ ይቅርታ እንዲጠይቁ ነው። ሕግ ካሉ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 12 አብረው ያንብቡ፤ ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል ይላል።

ከቦሳ ኪቶ፦ «ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል» የምትለዋን ለምን ዘለሏት? ግማሽ አንቀጽ ማንበብ ከማን እንደተማራችሁ አላውቅም።

ከጅሬን፦ አልዘለልኳትም። ዝርዝሩ እስኪወሰን ድረስ ዝም በሉ የምትል ቃል ግን አላገኘሁባትም።

ከአዌቱ ዳር፦ የራስን ሰው መውቀስ ፓርቲ ያፈርሳል የምትሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የሆነውን አስታውሱ። የሪፐብሊካን የሴኔት መሪ ትሬንት ሎት፣ የዘር መለያየትን አቋም ይዞ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ የነበረን ሰው ልደት ሲያከብሩ ያኔ እሱ ቢመረጥ ይሻል ነበር የሚል ንግግር አደረጉ። በአደባባይ ከወቀሷቸው አንዱ የገዛ ፓርቲያቸው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ነበሩ፤ ሎትም በዚያው ወር መሪነቱን ለቀቁ። ፓርቲው አልፈረሰም።

ከሒርማታ፦ ከመጋዘን ተነስተን ዋሽንግተን ደረስን! እሳቸውም ቢሆኑ የለቀቁት መሪነቱን እንጂ ወንበራቸውን አይደለም፤ ሴናተር ሆነው ዓመታት ቆይተዋል።

ከአዌቱ ዳር፦ እንግዲያው ተስማማን፤ የእኛውም ሰው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ይቅርታ ይጠይቁ። ወንበራቸውን የፈለገ የለም።

ከሒርማታ፦ ቃሌን አትጠምዝዝ፣ ልጄ። ለመሆኑ አንተ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርክ?

ከአዌቱ ዳር፦ እኔ አልነበርኩም፤ እናቴ ነበረች። አሥራ ሁለት ዓመት ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እየለየች እኔን አስተምራለች፤ ማታ ስትመለስ ከሻሿ ላይ የምታራግፈው አቧራ እስከ ዛሬ ይሸተኛል። ስለዚህ «አቧራ» የሚለውን ቃል በውስጥም በውጭም እሰማዋለሁ።

ከሒርማታ፦ እሱን አላወቅሁም። እናትህን ይቅር በሉን በልልኝ። ነገር ግን የእኔ ይቅርታ ለምክር ቤት አባሉ አይቆጠርም፣ የእሳቸውም ጥፋት ለእኔ አይቆጠር።

ከጅሬን፦ እንዲያማ ከሆነ ለጽሕፈት ቤቱ የምናስገባው ደብዳቤ ተዘጋጅቷል፤ ሰኞ በሦስት ሰዓት እናስገባለን። ይፈርማሉ?

ከሒርማታ፦ አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያው አንቀጽ ስድቡን ቃል በቃል ይደግመዋል፤ እሱ ከወጣ ስለ መፈረሙ አስብበታለሁ። «አግባብ ያልሆነ ንግግር» ቢባል ይበቃል።

ከጅሬን፦ «አግባብ ያልሆነ ንግግር» ከተባለ የሚያነበው ሰው ምን እንደተባለ በምን ያውቃል?

ከቦሳ ኪቶ፦ በውስጥ ይጠይቃል።

ከአዌቱ ዳር፦ ይኸው፣ ተመለሰች!