የሚታወቅ ስህተት ሳይታረም አንሰርተንቲ (የልኬት ጥርጣሬ) እንዴት ይሰላል?

ጅማ_ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ናሙና የምለካው እኔ ነኝ። የእርጥበት መለኪያችን 0.4 አሳንሶ ያነባል። ግምት አይደለም፤ ናሙናውን አድርቀን እርጥበቱን ከምንለካበት ምድጃ ጋር (105 ዲግሪ፣ 16 ሰዓት) ደጋግሜ አስተያይቼዋለሁ። «0.4 ጨምሬ ልጻፍ» ብል አለቃዬ «ማሽኑ ያለውን ጻፍ» አለኝ። አሁን 11.3 በመቶ ያነበበ ጭነት አለ። ገዢው ከ11.5 ካለፈ አይወስድም። ሌላው አንሰርተንቲ ሁሉ ተደምሮ 0.15 ነው። 0.4ን ለ1.73 (የ3 ስኩዌር ሩት) አካፍዬ፣ ሁለቱን በካሬ ደምሬ ስኩዌር ሩቱን አወጣሁ። ለ95 በመቶ ያህል እርግጠኝነት በ2 ሳባዛው 0.55 መጣ። ልክ ነኝ?

ሚዛን_ጠጋኝ፦
አይደለህም ወንድሜ። ለ1.73 የምናካፍለው ስህተቱ ከ−0.4 እስከ +0.4 መሀል የት እንዳለ ሳናውቅ ነው። አንተ ታውቃለህ። የባለሱቁ ሚዛን በኪሎ 50 ግራም እንደሚሰርቅ እያወቅክ «ሊጨምርልኝም ይችላል» ትላለህ እንዴ? ቢታረም 11.7 ሲደመር ሲቀነስ 0.30 (0.15 በ2 ተባዝቶ) ነው፤ እስከ 12.0 ይደርሳል። ያንተ ስሌት 11.85 ላይ ቆመ። ጋም (GUM) የሚባለው ዓለም አቀፍ የልኬት ጥርጣሬ መመሪያም ጉልህ የታወቀ ስህተት ይታረም ነው የሚለው። የግድ ካልታረመ 0.4ን ከ0.30 ጋር ቀጥታ ደምረው፤ 0.70።
በነገራችን ላይ፣ የ0.4ቷ የራሷ ጥርጣሬ 0.15 ውስጥ ገብታለች?

ቡና_አጣቢ፦
እኔ ሳላካፍል በካሬ ነው የምደምረው። 0.85 ይመጣል። ይሸፍናል።

ሚዛን_ጠጋኝ፦
ይሸፍናል፣ ግን እስከ 10.45 ወርዶ ባዶ ቦታ ይዘረጋል። እዚያ ምንም ቡና የለም! እኔ ብሆን ወደ ላይ 0.70፣ ወደ ታች ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ።

ጅማ_ላብ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። አዎ፣ ገብታለች። ግን የምድጃው ሙከራ በሙሉ በበጋ የተሠራ ነው። በክረምት 0.4 ትሁን ሌላ ገና አልሞከርኩም፤ ሐምሌ ላይ እደግመዋለሁ።
ለአለቃዬ የማሽኑን ንባብ ሳልነካ ከጎኑ «የታረመ» የሚል ዓምድ ጨምሬ አሳየሁት። 11.7ን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ «ምድጃው ቢሆንስ የተሳሳተው?» አለኝ። ጥያቄው ግን ክፉ አይደለም። ቴርሞሜትሩን ለካሊብሬሽን ልንልከው ነው፤ ጭነቱም እስከዚያ አይወጣም።