የተለዩ የሕገወጥ ዝውውር ተጎጂዎች ቁጥር ሲጨምር ነገሩ ባሰ ማለት ነው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሕገወጥ የሰዎች ዝውውር የክፍል ሥራ እየጻፍኩ ነው። መንግሥታት የሚያወጡት የተለዩ ተጎጂዎች (ተጎጂ መሆናቸው ታውቆ የተመዘገቡ ሰዎች) ቁጥር ካምናው ከበለጠ ወንጀሉ ጨመረ ማለት ነው? ደግሞስ ተደብቆ ያለ ሰው እንዴት ይቆጠራል?

መልስ 1፦ የተለዩት የተገኙት ብቻ ናቸው። ፍለጋው ሲጠነክር ቁጥሩም ይጨምራል። ላልተገኙት ደግሞ ዝርዝር ማመሳከር የሚባል ዘዴ አለ። ፖሊስም የእርዳታ ድርጅቶችም የየራሳቸው መዝገብ አላቸው። እነዚያው ሰዎች በየመዝገቡ ከተደጋገሙ ያልታየው ጥቂት ነው። ካልተደጋገሙ ብዙ ነው። ብሪታኒያ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ግምት እንዲህ የተሠራ ነው። በ2013 ከ10,000 እስከ 13,000 ተጎጂዎች እንደነበሩ ገምታለች፤ በባለሥልጣናት የታወቁት ግን 2,744 ብቻ ነበሩ።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ እኔ ለአምስት ዓመት የተጎጂዎችን መመዝገቢያ ፎርም ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። ሰባት ወር ያለ ደመወዝ ሠርታ፣ ፓስፖርቷን ተቀምታ፣ አምልጣ ስትወጣ ተያዘች። መጀመሪያ የመዘገባት ሰው «ፈቃድ የሌላት ስደተኛ» ብሎ ጻፈ። አለቀ። በዚያ ዓመት ሪፖርት ላይ ተጎጂ አልነበረችም፣ ጥፋተኛ ነበረች። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እኔም መጀመሪያ ላይ እሳሳት ነበር። ያቺን ልጅ «ተገድደሽ ነው?» ስላት «አይ» አለችኝ። ራሷ እሺ ብላ ስለሄደች ተገደድኩ ማለት አይመስላትም። «ልሂድ ብትዪ ምን ይሉሽ ነበር?» ስላት አለቀሰች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 11 የግዳጅ ሥራ ምልክቶች አሉት፤ ሰነድ መቀማት፣ ደመወዝ መያዝ፣ ዕዳ፣ ማስፈራራት እና ሌሎችም። እነሱን አንድ በአንድ መጠየቅ ከጀመርኩ በኋላ የማገኛቸው ተጎጂዎች በዙ። ዝውውሩ አልጨመረም፤ ጥያቄዬ ነው የተለወጠው።

ጠያቂ፦ እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። ግን ለማመሳከር ስም ከመዝገብ መዝገብ አይዞርም? ደላሎቹ እጅ ቢገባስ?

መልስ 2፦ ልክ ነህ፣ እኔም የምሰጋው እሱን ነው። ስሙ ከቢሮ ሳይወጣ ወደ ኮድ መለወጥ አለበት፤ የሚመሳከረው ኮዱ ነው። እኛ ቢሮ ግን ሙሉ ስም በኢሜይል ሲላክ አይቻለሁ። እምቢ ብዬ ብዙ ተጨቃጭቄበታለሁ።

መልስ 1፦ በ2021 እ.ኤ.አ. በዘመናዊ ባርነት ውስጥ የነበሩ ሰዎች የዓለም ግምት 50 ሚሊዮን ገደማ መሆኑንም ጨምርበት፤ 27.6 ሚሊዮኑ በግዳጅ ሥራ፣ 22 ሚሊዮኑ በግዳጅ ጋብቻ። ሥራህን ስትጽፍ «ተገኙ» እና «ተገመቱ»ን ለይተህ ጻፍ።