ሁዱ ይጮኻል፣ ጭስ ግን አይስብም! ነገ እንግዳ አለብኝ

የሰንጋ ተራዋ፦ ኧረ ድረሱልኝ! የኪችን ሁዴ፣ ከምድጃው በላይ ያለው ጭስ መሳቢያ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል መሰለኝ። ሦስቱንም ፍጥነት ሞከርኩት። ይጮኻል፣ መብራቱም ይበራል፣ ግን ምንም አይስብም። ነገ የልጄ ክርስትና ነው፤ የዶሮው ሽንኩርት እሳት ላይ ነው። ጭሱ መኝታ ቤት ገብቶ ሕፃኑን እያሳለው ነው። በዚህ ሰዓት የሚመጣ ባለሙያ የሚያውቅ አለ? ሞተሩ ብቻውንስ ይሸጣል?

ማማዬ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ የኔ ልጅ። ከሥሩ ያለውን የቅባት ማጣሪያ፣ ፊልትሮውን እጠቢው።

ቀበና ማዶ፦ አድራሻ አላስቀመጥሽም። ጭሱን ተከትለን እንምጣ?

ካቻቢቴ፦ እህቴ፣ ሞተር እንዳትገዢ። የተቃጠለ ሞተር ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ሳይዞር ያጉረመርማል፣ ወይ ብሬከር ይጥላል። ያንቺ እየዞረ ነው። ሁለት ነገር ንገሪኝ። ቱቦ አለው ወይ? ደግሞ አንድ ቅጠል ሶፍት ፊልትሮው ላይ ለጥፊ፤ ይይዘዋል ወይስ ይወድቃል?

ጋሽ መሐንዲስ፦ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። ሁድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ያስወጣል። ሌላው አየሩን በከሰል ፊልትሮ አሳልፎ እዚያው ቤት ውስጥ ይመልሳል። ይህኛው ሽታ ይቀንሳል እንጂ እንፋሎትና ሙቀት አያወጣም። የከሰል ፊልትሮው ብዙውን ጊዜ አይታጠብም፤ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል። ቁመቱም አለ። ከጋዝ ምድጃ ከ65 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከዚያ በላይ ከተሰቀለ ጭሱ ሳይደርስበት በጎን ያመልጣል። ወደ ቱቦው ስንመጣ ደግሞ…

ቀበና ማዶ፦ ጋሼ፣ ሽንኩርቱ አረረ እኮ!

የሰንጋ ተራዋ፦ ቱቦ አለው፣ ኮርኒስ ውስጥ ነው የሚገባው። ሶፍቱ ወደቀ። ገና ባለፈው ሳምንት ነው ያስገጠምኩት፣ አዲስ ዕቃ እንዴት ይበላሻል?

ካቻቢቴ፦ አዲስ ነው?! ይሄ እኮ ነበር መጀመሪያ የሚነገረው! በይ ሁዱን ከብሬከር አጥፊው። ፊልትሮውን አውጪና በጥፍርሽ ጠርዙን ፋቅ ፋቅ አድርጊው። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ ሲመጣ ስስ ላስቲክ ይለጠፍበታል፤ ሠራተኞቹ ሳይልጡት ይገጥሙታል። ከላይ ቱቦው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ደግሞ የፕላስቲክ ክዳን አለች። ሞተሩ ሲነሳ በአየሩ ትከፈታለች፣ ሲጠፋ ትዘጋለች። እሷም አንዳንዴ በፕላስተር ታስራ ትመጣለች። ፕላስተሩ ካልተነሳ ምንም አይወጣም።

የድሮ ሰው፦ ለመሆኑ ሁድ ለዶሮ ወጥ ተሠራ ያላችሁ ማን ነው? ያ የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ እንቁላል ለሚጠብስ ሰው። ሽንኩርት በረንዳ ላይ፣ በከሰል ነው የሚቁላላው። በቃ።

ነርሷ፦ አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄን ምክር አትቀበዪ እህቴ። በረንዳው በመስታወት የተዘጋ ከሆነ፣ ሁዱም እየሠራ ከሆነ፣ የከሰሉን ጭስ ጎትቶ ወደ ቤት ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ሕፃን አለ እኮ! ለአሁኑ ልጁን ራቅ ያለ ክፍል አስገቢው፣ በሩን ዝጊ፣ የኪችኑን መስኮት ክፈቺ።

ማማዬ፦ ፊልትሮውን በሙቅ ውኃና በላርጎ ዘፍዝፊው አልኩሽ እኮ። በረኪና ጣል ብታደርጊበት ይነጣል።

ካቻቢቴ፦ እማማ፣ በረኪና አይሆንም፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ሶዳም ሲበዛ ያጠቁረዋል። ሙቅ ውኃና ላርጎ ይበቃል። ለማንኛውም የሷ አዲስ ነው፣ ምኑ ይታጠባል?

ሰባተኛ፦ ጥያቄ መሐል ልግባ። የኔ ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ይነሳል።

ካቻቢቴ፦ ያንተ ካፓሲተሩ ነው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው፤ ርካሽ ዕቃ ነው። አሮጌውን ነቅለህ ይዘህ ሂድ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው የማይክሮፋራድ ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን፣ ቮልቱም አይነስ። ብሬከሩን ካጠፋህ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጫፎቹን በባዶ እጅ አትንካ። ጣትህንም ሁለተኛ እዚያ አታስገባ!

የሰንጋ ተራዋ፦ ላስቲክ አለው!!! ሁለቱም ላይ! ላጥኳቸው። ክዳኗም ፕላስተር ነበረባት፣ አነሳሁት። አሁን ሶፍቱን ትንሽ ይይዝና ይለቀዋል። ድምፁ ግን ባሰበት።

ካቻቢቴ፦ ግማሹን ጨርሰሻል። የቀረው ቱቦው ነው። የሁዱ አፍ 15 ሴንቲ ሆኖ ግድግዳው ላይ ባለ 10 ሴንቲ ቱቦ ከቀጠሉለት፣ መውጫው ከግማሽ በታች ይሆናል። የሚያስጮኸውም እሱ ነው። ተጣጥፎም ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ኮርኒስ ውስጥ ወርውረውት ሄደዋል፣ ይሄ ብዙ አጋጥሞኛል። ነገ እንግዳ ሲሸኝ የገጠመውን ልጅ ጥሪና ኮርኒሱን ያስከፍት፤ ጫፉ የት እንደሚወጣ ቆመሽ እዪው። ለዛሬ ፍጥነቱን መሐል ላይ አድርጊው፣ ሽንኩርቱ ከመሞቁ በፊት አስቀድመሽ አብሪው።

ቀበና ማዶ፦ ዶሮውስ እንዴት ሆነ?

ባለ 7ኛ ፎቅ፦ ይቅርታ፣ ሰንጋ ተራ የትኛው ብሎክ ነሽ? እኔ ከማታ ጀምሮ ምንም ሳልሠራ በሁዴ በኩል ቁሌት እየሸተተኝ ነው።

ካቻቢቴ፦ ያንተ ክዳን አይዘጋም ማለት ነው፤ ወይ የለችም፣ ወይ በቅባት ተጣብቃ ቀርታለች። ከሻፍቱ፣ ከሕንፃው የጋራ ጭስ መውጫ፣ የሚመጣውን የምትመልሰው እሷ ናት። አውጥተህ በሙቅ ውኃ እጠባት፣ ማጠፊያዋ ከተሰበረ ቀይራት።