የሚያዛዋ ኬንጂን ግጥም በሥዕል፦ የሰውየውን ፊት ላሳይ?

ጠያቂ፦ ጃፓናዊው ገጣሚ ሚያዛዋ ኬንጂ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1931 በኪስ ማስታወሻው ላይ የጻፈውን፣ «ለዝናብም ሳይሸነፍ» ብሎ የሚጀምረውን ግጥም ለልጆች በሥዕል እየሠራሁት ነው። ከልቤ ስለምወደው እጄ ይፈራል። ዝናቡም ነፋሱም፣ በጥድ ጥላ ሥር ያለችው የሣር ጎጆም አላስቸገሩኝም። የከበደኝ በግጥሙ ውስጥ ሌሎችን የሚረዳው ሰውዬ ነው። በደቡብ ሊሞት የተቃረበውን «አትፍራ» ሲለው፣ ፊቱ ካልታየ እንዴት ያጽናናል?

መላሽ፦ ፊቱን አይሳሉት። «እንዲህ ያለ ሰው መሆን እፈልጋለሁ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እስከዚያ ሰውየው ምኞት ነው። በጀርባው፣ የደከመችውን እናት የሩዝ ነዶ በተሸከመው ትከሻው ይታይ። የሚጽናናውን በሽተኛ ፊት ግን በደንብ ይሳሉ፤ ማጽናናቱ የሚነበበው እዚያ ላይ ነው።

ሌላ መላሽ፦ እስማማለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ በግጥሙ ውስጥ ያለው የቀዝቃዛው በጋ ገጽ ነው። ኬንጂ የግብርና መምህር ነበር፤ በተወለደበት በሰሜን ጃፓን፣ በኢዋቴ፣ በጋ በሚሆንባቸው በሐምሌና በነሐሴ ብርድ ከገባ ሩዙ ፍሬ አይዝም። ባዶ ዛላ ደግሞ አይጎነበስም፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልጆች ጤነኛ ሰብል እንዳይመስላቸው፣ ቀደም ባለ ገጽ ላይ ፍሬው ከብዶት የጎበጠ ዛላ ያሳዩአቸው። ገጣሚው በ1933 ስላረፈ የጃፓንኛው ጽሑፍ ከቅጂ መብት ነጻ ነው፤ የሌላ ሰው ትርጉም ከተጠቀሙ ግን ፈቃድ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊቱን ትቼ እጆቹን አጎላለሁ። የጎበጠውን ዛላ እናትየዋ ባለችበት ገጽ ላይ አስገባዋለሁ። ግጥሙን ሳይቆራረጥ የት ላትመው?

መላሽ፦ ከሥዕሎቹ በኋላ፣ ለብቻው በአንድ ገጽ።