ሰባት ልጆች፣ አንድ ጠረጴዛ፦ ሳምንቱን እንዴት ላድርገው?

ጠያቂ (የሰባት ልጆች እናት)

ጤና ይስጥልኝ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሰባት ልጆች አሉን። የ14 ዓመቷና የ12 ዓመቱ የወለድኳቸው ናቸው። አምስቱ በጉዲፈቻ የመጡ ናቸው። ከእነሱ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ሲሆኑ (ወንዱ 11፣ ሴቶቹ 9 እና 7) ወደ ቤታችን ከገቡ አራት ዓመት አለፋቸው። ትንሿ 2 ዓመቷ ነው፣ ጨቅላ ሳለች ነው የተቀበልናት። የመጨረሻው የ10 ዓመት ልጅ ነው፤ ከመጣ ገና ሰባት ወሩ። ያደገው በሌላ ቋንቋ ነው፣ ትምህርትም ገባ ወጣ እያለ ነው የቆየው።

ሁሉንም ቤት ውስጥ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ነው።

ያለፈው ሳምንት እንዲህ ሆነ። ሰኞ ለስድስቱ ስድስት ሠንጠረዥ አውጥቼ፣ በየ30 ደቂቃው ከፋፍዬ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ጀመርኩ። እስከ አራት ሰዓት ተጓዘ። ከዚያ ትንሿ የ9 ዓመቷን ደብተር በቀለም አዥጎረጎረችው። ባለ ደብተሯን ሳባብል የ12 ዓመቱ ኳሱን ይዞ ወጣ። ማክሰኞ የ11 ዓመቱ ክፍልፋይ አልገባ ብሎት አንድ ሰዓት ከሩብ አብሬው ተቀመጥኩ፤ ሌሎቹ ሲጠብቁኝ ተጣሉ። ረቡዕ አዲሱን ልጄን "ቤተሰቤ" በሚል ርዕስ ግማሽ ገጽ ጻፍ አልኩት። እርሳሱን ሰብሮ ጠረጴዛ ሥር ገባ፣ እስከ ምሳ አልወጣም። ሐሙስ ትልቋ "እማዬ፣ እኔን መቼ ነው የምታስተምሪኝ?" አለችኝ። ብቆጥረው በሳምንቱ ከእሷ ጋር የተቀመጥኩት 20 ደቂቃ ነው። ዓርብ ሠንጠረዦቹን ቀድጄ ጣልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ልጆቹ አጨበጨቡ።

ሳምንቱን በምን መልክ ላስኪደው? አዲሱን ልጅስ ከየት ልጀምርለት? ከወንድሞቹ ጋር ሲያወራ ቃል አያጥረውም፤ የሒሳብ ጥያቄ በጽሑፍ ስሰጠው ግን ዝም ብሎ ያፈጥብኛል። ሰንፎ ነው ወይስ አልገባውም?

መልስ፦ የአምስት ልጆች አባት (ሦስቱ በጉዲፈቻ)

እህቴ፣ እንኳን ቀደድሽው። ስድስት ተማሪ በስድስት ትምህርት ሲባዛ በቀን 36 ክፍለ ጊዜ ነው። ይህን የሚችል አስተማሪ አልተፈጠረም።

እኛ ትምህርቱን ለሁለት ከፈልነው። ደረጃ በደረጃ የሚኬድባቸው፣ ማለትም ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ፣ ለየብቻ ናቸው። ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሥዕል ሁሉም አንድ ላይ። ውሃ ሲፈላ ትንሿም ትልቋም እኩል ያያሉ፤ የሚለያየው ከዚያ በኋላ የምትጠይቂያቸው ነው። የ7 ዓመቷ እንፋሎቱን ትሥላለች። የ11 ዓመቱ ክዳኑ ላይ ያለው ጠብታ ከየት እንደመጣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። የ14 ዓመቷ ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ለምን እንደሚፈላ ታስረዳሻለች። አንድ ዝግጅት፣ ስድስት ተማሪ።

በሒሳብ ደግሞ ዕድሜን እርሺው። የእኔ የ12 ዓመቷና የ9 ዓመቱ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ ተጋርተዋል፤ መጀመሪያ አፍራ ነበር፣ በኋላ እሷው ታስረዳው ጀመር።

የክፍልፋዩ ነገር፦ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግራቸው ክፍልፋዩ ሳይሆን ማባዛቱ ነው። ስድስት ስምንተኛን ወደ ሦስት አራተኛ ለማሳጠር ሁለቱንም የሚያካፍለው ቁጥር ቶሎ ሊመጣለት ይገባል። ከ1 እስከ 10 ያለው የማባዛት ሠንጠረዥ 100 ሳጥን ስላለው ያስፈራል። ግን 7 በ8 እና 8 በ7 አንድ ስለሆኑ በእውነቱ 55 ብቻ ናቸው። የ1ን፣ የ2ን፣ የ5ን እና የ10ን ስታወጪ 21 ይቀራሉ። በቀን ሁለት ቢይዝ ሁለት ሳምንት አይፈጅበትም፤ ከነክለሳው ወር በዪው። አንድ ሰዓት ከሩብ መቀመጥ ግን ለእሱም ለአንቺም አይበጅም። በ20 ደቂቃ ካልገባው ዝጊው፣ ነገ ክፈቺው።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት

ልጄ፣ እኔ ስለ አዲሱ ልጅ ብቻ ልናገር። ስንፍና አይደለም። በካናዳ ያስተማረ ጂም ከሚንስ የተባለ ምሁር በ1979 የጨዋታን ቋንቋና የትምህርትን ቋንቋ ለይቶ አስቀምጦልናል። የጨዋታውን ልጅ በአንድ ሁለት ዓመት ይይዘዋል። የትምህርቱ እኩዮቹ ላይ እስኪደርስ ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊፈጅ ይችላል። "ኳሷን ወዲህ በላት" ሲባል ኳሷ ትታያለች፣ እጅ ይጠቁማል። "የሁለቱ ቁጥሮች ድምር ከልዩነታቸው በስንት ይበልጣል?" የሚለው ላይ ግን ከቃሉ በቀር ምንም የሚያግዘው የለም። ሰባት ወር እኮ ነው፣ እናቱ!

ፈትኚው። ያንኑ ጥያቄ በቁጥርና በምልክት ብቻ ጻፊለት፣ ወይም በጠጠር አሳዪው። ከሠራው ሒሳቡ አለው፣ የጎደለው ቃሉ ነው ማለት ነው። እንግዲያው ድምር፣ ልዩነት፣ እኩል፣ ይበልጣል፣ ያንሳል የሚሉትን በሳምንት አንድ ሁለቱን ብቻ አስተምሪው። በመጣበት ቋንቋ መቁጠር ከፈለገ ይቁጠር፤ አትከልክዪው። በዚያ የሚያውቀውን እዚህ ሀ ብሎ አይጀምረውም፣ ስሙን ብቻ ነው የሚቀይርለት።

ንባቡን በተመለከተ፣ 231ዱን ፊደል እንደ ዜማ አታስወጪው። ስንቱን አየሁ፤ ገበታውን እንደ ውሃ ይጠጣዋል፣ "ሚ"ን ነጥለሽ ስታሳዪው ግን ከ"መ" ተነስቶ በጣቱ እየቆጠረ ነው የሚደርስበት። ቅርጹን አሳዪው፦ ካዕብ አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ላይ ቅጥያ ያወጣል፣ ሣልስ እግሩ ሥር፣ ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል። ሳድስ አመለኛ ነው፤ እሱ በቃል ውስጥ ሲደጋገም ነው የሚለመደው። ከዚያ ዘመዳሞቹን ጎን ለጎን፦ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ጠ እና ጨ። ገበታው እስኪያልቅ ደግሞ ቃል አታስጠብቂው። በ፣ ተ፣ ለ እና ሰ ከነዘራቸው ከገቡት ቤት፣ ልብስ፣ ተሰበሰበ ብሎ ያነባል። የ7 ዓመቷ እህቱም አብራው ብትማር አይከፋም፤ በዚህ እኩል ናቸው።

መልስ፦ በጉዲፈቻ ያደግሁ

እኔን አምስት ዓመቴ ላይ ነው የወሰዱኝ፤ አሁን 31 ነኝ። ስለ ረቡዕ ልንገርሽ።

"ቤተሰቤ" ስትዪው የሰማው "የትኛው?" የሚል ፈተና ነው። የድሮዎቹን ቢጽፍ እናንተን ያስከፋ ይመስለዋል፣ እናንተን ቢጽፍ እነዚያን የካደ። የቤተሰብ ዛፍ ሣሉ፣ የሕፃንነት ፎቶ አምጡ፣ ስምህን ማን አወጣልህ የሚሉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ፎቶ አምጡ ሲሉን የእህቴን የሕፃንነት ፎቶ የእኔ ነው ብዬ ይዤ ሄድኩ። ማንም አልነቃብኝም። እስከ ዛሬ ግን ያንን ፎቶ ሳየው ፊቴ ይሞቃል።

ጽሕፈት ከሆነ የፈለግሽው ርዕሱን ራሱ ይምረጥ፦ "የማውቀው ቤት"፣ "ጠዋት ስነሳ"፣ ወይም ስለ ሰው ጭራሽ ያልሆነ ነገር። የድሮውን መጻፍ ከፈለገ ራሱ ያመጣዋል፣ ቀኑን አንቺ አትወስኝለት።

ጠረጴዛ ሥር ሲገባ ደግሞ አትጎትቺው፣ "ምን ሆንክ" እያልሽም አትወትውቺው። ወለሉ ላይ ቁጭ በዪና ለሌሎቹ ጮክ ብለሽ አንብቢ። ይሰማል። እኔ ከአልጋ ሥር ሆኜ የሰማሁትን ተረት በሙሉ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

መልስ፦ የሦስት ልጆች እናት

እኔ ከሁላችሁም እለያለሁ። ሁለቱን ትልልቆች መደበኛ ትምህርት ቤት ብታስገቢያቸውስ? 14 ዓመት ማለት አልጀብራና ኬሚስትሪ ነው፤ በሳምንት 20 ደቂቃ አይበቃም። ቤት ውስጥ ማስተማር ሁሉንም ልጅ ወይም ማንንም የሚባል ነገር አይደለም። እኔ አንዷን ቤት አስተምራለሁ፣ ሁለቱ ይሄዳሉ፤ ማንም አልተጎዳም።

ጠያቂ

እግዜር ይስጥልን። እትዬ መምህርት፣ እንዳሉኝ ዛሬውኑ ፈተንኩት። 12 ጥያቄ በቁጥር ብቻ ጻፍኩለት፣ 11ዱን አገኘ። ያንኑ ዓይነት በቃላት ስጽፈው ሁለት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰባት ወር ሙሉ ስሳሳት።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ለትልቋ አንስቼላት ነበር፣ ለጊዜው አልፈልግም አለች። የ20 ደቂቃው ነገር ግን እውነት ነው፤ አልከራከርም። ትንንሾቹን እንድታስጠናልኝ ላድርግና እኔ ጊዜ ላግኝ ብዬም አስቤያለሁ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የአምስት ልጆች አባት

እሱን ተዪው። በቀን 20 ደቂቃ ለትንሽ እህቷ ብታነብ መልካም ነው፣ እሷም ትጠቀማለች። ከዚያ ካለፈ ልጅቷ ሁለተኛ እናት ትሆናለች። በጉዲፈቻ የመጡትም ከወላጃቸው ጋር ሊጣበቁ ሲገባ ከእህታቸው ጋር ይጣበቃሉ። እኛ ይህን ስህተት ሠርተናል፤ ለማስተካከል ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል። የትልቋን ጊዜ ከባልሽ ነው የምታገኚው። ቅዳሜ ጠዋት ትንንሾቹን እሱ ይያዝ።

መልስ፦ የመንታዎች እናት

ስለ 2 ዓመቷ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። ቀኑን የምትመራው እሷ ናት! ከማንም በፊት እሷን አጥግቢያት፦ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት 15 ደቂቃ ስልክ የለ፣ ደብተር የለ፣ ከእሷ ጋር መሬት ላይ። እናቷን የጠገበች ልጅ ራቅ ብላ ትጫወታለች። በትምህርት ሰዓት ብቻ የሚወጣ የመጫወቻ ሣጥንም ይኑራት። ከባዱን ሥራ እሷ ስትተኛ አድርጊው፣ ያን ሰዓት ለልብስ እጥበት እንዳታባክኚው።

ጠያቂ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

የሁለተኛውን ሳምንት ልንገራችሁ።

ግድግዳው ላይ አሁን አንድ ወረቀት ብቻ ነው ያለው፣ ሰዓት የለበትም፤ ቅደም ተከተል ብቻ። መጀመሪያ ትንሿ፣ ከዚያ ሁላችንም ወለል ላይ ንባብ፣ ከዚያ ሒሳብ፣ ከዚያ ውጭ፣ ከዚያ የጋራው ትምህርት። ሒሳብ ላይ ሁሉም በየራሱ ሲሠራ እኔ በቀን ከሦስት ልጆች ጋር ለየብቻ እቀመጣለሁ፣ በነፍስ ወከፍ 20 ደቂቃ። በማግስቱ ሌሎቹ ሦስቱ። ረቡዕ አዲስ ነገር አይጀመርም፤ የቀረ ይሟላል፣ ያልቀረበት ይጫወታል። ከሁሉም የጠቀመን ይህ ረቡዕ ይመስለኛል፤ ማክሰኞ ቢበላሽ ሐሙስን ይዞ አይወድቅም።

ሰኞና ማክሰኞ ደህና ነበሩ። የመጫወቻ ሣጥኑ ሦስት ቀን ሠራ፣ ሐሙስ ትንሿ ጭንቅላቷ ላይ ደፋችው፤ የ15 ደቂቃው ግን እውነት ነው። የ11 ዓመቱ ከ21ዱ ዘጠኙን ይዟል፣ ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ዝርዝር እየሰረዘ ነው። ቅዳሜ ከትልቋ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል በር ዘግተን ተቀመጥን፤ ግማሹን አልጀብራ ሠራን፣ ግማሹን አወራን። ኬሚስትሪውን ግን አልችለውም፣ አስጠኚ እየፈለግን ነው።

አዲሱ ልጄ ዓርብ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ማንበቤን ቀጠልኩ፤ አንዱን ቃል ስስት ከሥር ሆኖ አረመኝ። ከሰዓት በኋላ "የማውቀው ቤት" ብሎ አራት መስመር ጻፈ፣ ሁለቱን በእኛ፣ ሁለቱን በራሱ ቋንቋ። ስለ አንድ ሰማያዊ በር ነው። የማን ቤት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

የ12 ዓመቱ ኳሱን ይዞ መውጣቱን አልተወም። ስለ እሱ ሌላ ቀን በሰፊው እጠይቃችኋለሁ።