ሜልባ ሊስተን፦ የትሮምቦን ተጫዋች ወይስ አቀናባሪ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ትሮምቦን (ተንሸራታች ቱቦ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። እስካሁን በብዛት ያዳመጥኩት የጃዝ ትሮምቦን ተጫዋቹን ጄ ጄ ጆንሰንን ነበር፤ በቅርቡ ግን አስተማሪዬ የሜልባ ሊስተንን ስም ስለጠቀሱልኝ ሥራዎቿን መፈለግ ጀመርኩ። በ1926 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተወልዳ በ1999 ያረፈችና ከታዋቂዎቹ የጃዝ ባንድ መሪዎች ከካውንት ቤሲ፣ ከዲዚ ጊሌስፒ እና ከክዊንሲ ጆንስ ጋር የሠራች ባለሙያ፣ በራሷ መሪነት የተቀዳ አንድ አልበም ብቻ ነው ያገኘሁላት። ይህ ለምን ሆነ? የሙያ ሕይወቷን በሚገባ ለመረዳትስ ከየት ብጀምር ይሻላል?

የመጀመሪያ መልስ

በእኛ ካሴቶች ላይ ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆኑ ተለይቶ ይጻፍ እንደነበር ያስታውሱ ይሆናል። ሜልባን የሚያገኟት «ቅንብር» በሚለው መስመር ላይ ነው። ካንሳስ ሲቲ ተወልዳ ትሮምቦን የያዘችው በሰባት ዓመቷ ሲሆን፣ ቤተሰቧ በ1937 ወደ ሎስ አንጀለስ ከተዛወረ በኋላ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች፣ በ1943 የጄራልድ ዊልሰንን ኦርኬስትራ ተቀላቀለች። ትሮምቦን በትልልቅ ባንዶች ውስጥ በትራምፔቶቹና በሳክስፎኖቹ መካከል ያለውን ድምፅ የሚሞላ መሣሪያ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ከላይም ከታችም የሚሆነውን ሁሉ ይሰማል፤ በእኔ እምነት የቅንብር ጆሮዋ የተሳለው እዚያ ወንበር ላይ ነው።

ሌላው ምክንያት ኑሮ ነው። በ1949 ከዘፋኟ ከቢሊ ሆሊዴይ ጋር ወደ አሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የተደረገው ጉዞ ተመልካች አጥቶ ከሸፈ። ሜልባም ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆርጣ ከባንድ ሕይወት ራቀች፤ በሎስ አንጀለስ የትምህርት ቦርድ የቢሮ ሥራ ተቀጥራም ኖረች። የመለሳት በ1956 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የላከው የጊሌስፒ ባንድ ነው። አንድ የትሮምቦን ተጫዋች በወጣትነቱ እነዚያን ዓመታት ሲያጣ ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ መሣሪያውን የሚለማመድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ሆኖም «አቀናባሪ» የሚለው ቃል ብቻውን ያሳንሳታል። ከየት ልጀምር ለሚለው ጥያቄዎ፣ ከፒያኖ ተጫዋቹ ከራንዲ ዌስተን ጋር በ1960 በተቀዳው «ኡሁሩ አፍሪካ» በተባለው አልበም ቢጀምሩ እመክራለሁ፤ «ኡሁሩ» በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው። በዚያ ዓመት አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነፃነታቸውን አግኝተዋል፤ ሥራውም በአራት ክፍሎች የተደራጀና ግጥሙን አሜሪካዊው ገጣሚ ላንግስተን ሂውዝ የጻፈለት ነው። የዜማው መነሻ የዌስተን ነው። ይሁን እንጂ ያንን ዜማ ለትልቅ ባንድ ያከፋፈለችው፣ የአፍሪካና የካሪቢያን ከበሮዎች ከትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጋር እንዲነጋገሩ ያደረገችው ሜልባ ናት። መጀመሪያ ዜማውን ብቻ፣ ቀጥሎ ትሮምቦኖቹን ብቻ እየተከተሉ ሁለት ጊዜ ያዳምጡት። በሁለተኛው ጊዜ ሌላ ሙዚቃ የሰሙ ይመስልዎታል።

ሦስተኛ መልስ

ያገኙት አልበም በ1958 የተቀዳው «ሜልባ ሊስተን ኤንድ ኸር ቦንስ» («ሜልባ ሊስተንና ትሮምቦኖቿ» እንደማለት) መሆን አለበት፤ ለትሮምቦን ተማሪ ትልቅ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም ከፊት የሚሰሙት የትንፋሽ መሣሪያዎች ትሮምቦኖች ብቻ ናቸው። እሷ ስትጫወት ለፍጥነት አትቸኩልም፤ ድምፁ የተሞላና የተረጋጋ እንዲሆን ነው የምትጥረው።

እኔን በጣም የሚነካኝ ግን የኋለኛው ዘመኗ ነው። ከ1973 እስከ 1979 ጃማይካ ውስጥ ሙዚቃ ስታስተምር ቆይታ ወደ አሜሪካ ተመለሰችና የራሷን ባንድ መራች። በ1985 ስትሮክ ገጥሟት ከፊል ሰውነቷ ሽባ ሲሆን ትሮምቦኑን ለማስቀመጥ ተገደደች፤ ማቀናበሩን ግን አልተወችም፤ በኮምፒውተር እየታገዘች መጻፍ ቀጠለች። ዌስተን በ1991 ለቀዳው «ዘ ስፒሪትስ ኦፍ አወር አንሴስተርስ» ለተባለው አልበም ቅንብሩን የጻፈችው በዚያ ሁኔታ ላይ ሆና ነው፤ «ኡሁሩ አፍሪካ»ን ከሰሙ በኋላ በቀጥታ ወደዚህኛው ይሂዱ።