አንድ ቆጣሪ፣ አራት ቤት፦ ሂሳቡን የሚያንረው ማን ነው?

ባለ አንድ ክፍል፦
ጤና ይስጥልኝ። ኮልፌ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራዮች ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። ባለፈው ወር 310 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። አከራያችን እትዬ ለአራት እኩል ሲያካፍሉት፣ እንጀራ ከሱቅ የምገዛው እኔ ምጣድ ካላቸው ሦስቱ ጎረቤቶቼ እኩል ከፈልኩ። በሩ ላይ ደግሞ «አምፖል አጥፉ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እውነት ጥፋቱ የአምፖል ነው?

ምጣድ ጠጋኝ፦
እህቴ፣ አምፖሉን ተይው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ባለ 9 ዋት አምፖል 390 ያህል ብታበሪ ነው የሚስተካከለው። ሁለት ሰዓት ሲጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 60 ገደማ። ሸክላው እስኪግል የሚነደው ደግሞ እንጀራ ሳይወጣበት ነው። ሦስቱ በአንድ ምጣድ ተከታትለው ቢጋግሩ ማሟሻውም አንድ ብቻ ይሆን ነበር። ማታም አይጣድ። ሰፈሩ ሁሉ ሲጥድ መስመሩ ከ220 ቮልት ወደ 180 ከወረደ ምጣዱ የኃይሉን ሲሶ ያጣል፤ እንጀራው ዓይኑ አይወጣም፣ ቆጣሪው ግን መቁጠሩን አይተውም።

ጡረተኛው፦
ምጣዱን ብቻ አትውቀሱ። ታሪፉ በእርከን ነው፤ ቆጣሪው ብዙ በቆጠረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ የሆነው ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ተብሎ ነው። 310 ለአራት ሲካፈል 78 አይሞላም። በአንድ ቆጣሪ ስትደመሩ ግን ታሪፉ የሚያየው አንድ ሀብታም ቤት ነው! ለድሃ የታሰበው ቅናሽ ድሃ በብዛት የሚኖርበትን ግቢ ዘሎት ያልፋል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። እኔ የመብራት ኃይል ኃላፊ ብሆን «አምፖል አጥፉ» ከማለቴ በፊት ለየቤቱ ቆጣሪ አድል ነበር፤ የቀኑንም ዋጋ ከማታው አሳንስ ነበር። ያኔ ማንም ሳይመክረው በቀን ይጋግራል።

ባለ አንድ ክፍል፦
ጋሼ፣ እትዬን አናገርኳቸው። በየክፍላችን የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ሊገዙ ተስማሙ።

ጡረተኛው፦
ጥሩ ነው፣ የድርሻ ጠባችሁን ያበርዳል። ከእርከኑ ግን አያወርዳችሁም፤ ሂሳቡ አሁንም በእሳቸው ስም አንድ ላይ ነው የሚመጣው። በየስማችሁ ቆጣሪ እንዲገባ ማመልከቻ አስገቡ።

ባለ አንድ ክፍል፦
አስገብተናል፤ ተራ ጠብቁ ተብለናል። እስከዚያው ሦስቱ ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ምጣድ መጋገር ጀምረዋል፤ እኔም ከሱቅ መግዛቴን ትቼ ሊጤን ይዤ አራተኛ ተሰልፌያለሁ። ወረቀቱ ግን እስካሁን በሩ ላይ ነው።